የምድር ዕድሜና የእኛ ምስክርነት

ንባብ፦ ዘፍጥረት 1፥1 – 2፥4፤ ዘጸአት 20፥8–16

(በእሑድ አምልኮ የተሰበከ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ከዘጸአት ያነበብነው ክፍል ስለ ሰንበት ከሚናገረው አልፎ እስከ ቁጥር 16 ለምን እንደ ዘለቀ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ታገሡኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ከዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የማናነሣውን ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ምድር ስንት ዓመቷ ነው? ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አያለሁ። «ፓስተር፣ የቤት ኪራይና የኢሚግሬሽን ወረቀት ያስጨነቀው ሕዝብ ፊት ይህን ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል። እናንተን ላያስጨንቃችሁ ይችላል። ልጆቻችሁን ግን ያስጨንቃቸዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ውስጥ ምድር 4.5 ቢሊዮን ዓመት እንደ ሆናት ይማራሉ። እሑድ እኛ ዘንድ 6000 ሲባል ይሰማሉ። ሁለቱን በአንድ ልብ ተሸክመው መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። እኛም ዝምታቸውን እምነት እንለዋለን።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ጠጋ ብሎ አናገረኝ። በዚያ ክረምት ከወላጆቹ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ነበር፤ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ የድንቅነሽን ነገር አይቷል። «3.2 ሚሊዮን ዓመት ይላል። አዳም ግን ከ6000 ዓመት በፊት ነው ተባልን። የትኛው ነው እውነቱ?» አለኝ። ምሳ ሊቀርብ ነው፤ ሰው ይጠብቀኛል። ትከሻውን መታ መታ አደረግሁና «የካርቦን ቆጠራ የሚሉት ነገር አያስተማምንም፤ የሰው ጥበብ ነው፤ አንተ ቃሉን ያዝ» አልሁት። እርሱም «እሺ ፓስተር» ብሎ ሄደ። እኔም ጥያቄው የተመለሰ መስሎኝ ምሳዬን በላሁ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቤተ ክርስቲያን አይመጣም። ባለፈው ዓመት ደወልሁለትና ምን እንዳራቀው ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፤ ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው፦ «ፓስተር፣ ስላልመለሱልኝ አይደለም። መልሰውልኝ ነበር። ያሉኝን ይዤ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። መምህሩ አልሳቀብኝም፤ ድንቅነሽ በካርቦን እንዳልተለካች ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ቤቴ ገብቼ አነበብሁ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ስለ ትንሣኤ ሲሰብኩ ‹ይህንንስ አጣርተው ይሆን?› እያልሁ መስማት ጀመርሁ።»

ወገኖቼ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ይህን ልጅ ከጌታ ያራቀው ድንቅነሽ አይደለችም። እኔ ነኝ። ስለማላውቀው ነገር የማውቅ መስዬ የተናገርሁት እኔ።

ስለዚህ ዛሬ ያኔ የተሳሳትሁትን እዚሁ መድረክ ላይ ላርም፤ ትንሽ ትምህርት ቤት ይመስላል፤ ግን ስሙኝ። ካርቦን 14 የሚባለው በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ውስጥ አለ፤ ከሞት በኋላ በየ5730 ዓመቱ እየተጋመሰ ያልቃል። ወደ 50,000 ዓመት ሲደርስ የሚለካ ነገር አይተርፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማንም ሳይንቲስት የምድርን ዕድሜ በካርቦን አይለካም፤ የድንቅነሽንም አልለካም። እርሷ በ1974 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ፣ በዚያ አካባቢ ከጥንት እሳተ ገሞራዎች የወረደ አመድ በንብርብር ተኝቶ ነበር። የተለካው አመዱ ነው። የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የፖታሲየም ዓይነት በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ያንን ጋዝ ይለካሉ።

የምድርስ? እርሱ ደግሞ ከዩራኒየም ነው። ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። አንዱ ዓይነት ዩራኒየም ለመጋመስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሌላው 700 ሚሊዮን ገደማ። «መጀመሪያውኑ እርሳስ እንዳልነበረበት በምን ያውቃሉ?» ትላላችሁ፤ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ዚርኮን የሚባል ጠጣር ቅንጣት አለ፤ ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን አያስገባም። ስለዚህ ውስጡ የተገኘው እርሳስ በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱ ዩራኒየሞች ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ተሰቀሉ ሁለት ሰዓቶች ናቸው፤ ፍጥነታቸው ይለያያል፣ የሚናገሩት ጊዜ ግን መስማማት አለበት። በምዕራብ አውስትራሊያ የተገኘ ዚርኮን 4.4 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። ክሌር ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ደግሞ በ1956 ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን ለክቶ ለምድር 4.55 ቢሊዮን የሚል ቁጥር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙም አልተነቃነቀም።

ይህ ሰው ሥራውን ሲሠራ ምን እንዳጋጠመው ታውቃላችሁ? ልኬቱ እየተበላሸ አስቸገረው። ምክንያቱን ሲፈልግ አየሩ ራሱ በእርሳስ ተበክሏል፤ ከቤንዚን የሚወጣ። ዕድሜውን በዚያ ላይ ተሟገተ፤ እርሳስ ያለበት ቤንዚን እዚህ አገር ለመኪና መሸጡ በ1996 ጨርሶ እስኪከለከል ድረስ ነገሩ ሄደ። ኡበር የምትነዱ ወንድሞች፣ ከምትተነፍሱት አየር ውስጥ እርሳሱ እንዲወጣ ከታገሉት አንዱ የምድርን ዕድሜ የለካው ሰው ነው። ይህን የምነግራችሁ እነዚህ ሰዎች እኛን ለማሳት ተሰብስበው የተማከሩ እንዳይመስላችሁ ነው። ድንጋይ የሚለኩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዘጸአት 20 እንመለስ። ምድር በስድስት ቀን ተፈጠረች ለሚለው አመለካከት ትልቁ ማስረጃ ቁጥር 11 ነው፤ እግዚአብሔር ራሱ የሥራ ሳምንታችንን ከፍጥረት ሳምንት ጋር ያያይዘዋል። ከባድ ክፍል ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ግን ከዚያው ምዕራፍ አምስት ቁጥር ወረድ በሉ። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ አለ። አንዱን ጽላት በአንድ እጃችን ይዘን ሌላውን መጣል አንችልም። ቁጥር 11ን ለመጠበቅ ብዬ ስለ ካርቦን ያላጣራሁትን ስናገር ቁጥር 16ን አፍርሻለሁ። ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሳይንቲስት «ውሸታም» ስል በባልንጀራዬ ላይ መስክሬያለሁ። አሜን ማለት ከበዳችሁ አይደል? እኔም ከብዶኛል።

ደግሞስ 6000 የማን ቁጥር ነው? መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ ይህን ቁጥር ተጽፎ አታገኙትም። ጄምስ አሸር የሚባል የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ የትውልድ ሐረጎችን ደምሮ ፍጥረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት፣ ያውም በጥቅምት ወር ጀመረ አለ። የእርሱ ዓመቶች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ኅዳግ ላይ ሲታተሙ ኖሩ፤ ሰውም ከቃሉ ጋር አዋሐዳቸው። እኔ ግን አያቴን አስታውሳለሁ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ካህኑ በባሕረ ሐሳብ ሲያውጁ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነበር የሚሉት። ሚሊኒየሙን በ2000 ዓ.ም. ስናከብር በዓመተ ዓለም 7500 ሞልቶ ነበር። እንግዲህ አሸር እና አያቴ በ1500 ዓመት ገደማ ይለያያሉ! ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው የዕብራይስጡና የግሪኩ ቅጂ ቁጥሮች ስለሚለያዩ ነው፤ አዳም ሴትን ሲወልድ በዕብራይስጡ 130፣ በግሪኩ 230 ዓመቱ ነው፤ የግእዙ ትውፊት ደግሞ ግሪኩን ይከተላል። ብዙዎቻችን ጌታን ስናገኝ የአያቶቻችንን ቁጥር ትተን የአየርላንዱን ጳጳስ ቁጥር ተቀበልን፤ ማንም ግን «ቀየርህ» ያለን የለም፤ እኛም አላስተዋልንም።

የትውልድ ሐረግም እንደ ባንክ ደብተር ለመደመር የተጻፈ አይደለም። ማቴዎስ 1፥8ን እቤታችሁ ከ1ኛ ዜና መዋዕል 3 ጋር አስተያዩት። ከኢዮራም ወደ ዖዝያን በቀጥታ ይሻገራል፤ በመካከል አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ የሚባሉ ሦስት ነገሥታት ቀርተዋል። ማቴዎስ ተሳሳተ? አልተሳሳተም። እኛም «የእገሌ ልጅ» ብለን ቅድመ አያት ላይ እንደምንቆጥር ነው።

ወደ ቀኖቹ ልምጣ። ዕብራይስጡ ዮም ይላል፤ በአማርኛ ቀን። እንደ አማርኛችን ነው፤ «በአባቴ ቀን» ስንል ሃያ አራት ሰዓት ማለታችን አይደለም። ዘፍጥረት 2፥4 ፍጥረቱን ሁሉ በአንድ ቀን ይጠቀልለዋል። ፀሐይ የምትታየው በአራተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ማታና ጠዋቶች በምን ተለኩ? ሰባተኛው ቀን ደግሞ ማታና ጠዋት አልተጻፈለትም፤ የዕብራውያን ጸሐፊም በምዕራፍ 4 ወደዚያ ዕረፍት መግባት ገና ክፍት እንደ ሆነ ይናገራል። እነዚህ ጥያቄዎች ከዳርዊን አልመጡም። አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ዘፍጥረትን ሲተረጉም ቀኖቹ እንደ እኛ ቀኖች አይደሉም ብሏል። ስፐርጀን በ1855 ለንደን ላይ ሲሰብክ ከአዳም በፊት ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈው ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል፤ የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1925 ቴኔሲ ውስጥ በታወቀው ችሎት ለመጽሐፍ ቅዱስ የቆመው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን እንኳ፣ ቀኖቹ የግድ የ24 ሰዓት ቀኖች ናቸው ብሎ እንደማያምን በመስቀለኛ ጥያቄ መልሷል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሚዛኑን አላዛባም። ሉተርና ካልቪን ምድር ገና 6000 ዓመት እንዳልሞላት ያምኑ ነበር። አውግስጢኖስም ቀኖቹን በምሳሌ ቢያይም ዕድሜዋን ከ6000 በታች ነበር የሚያደርገው። ይህን አመለካከት የያዛችሁ፣ መሃይም አይደላችሁም። ልጆቻችንን ወንዙን አሻግረን ኬንታኪ ወስደን 510 ጫማ ርዝመት ያለውን የእንጨት መርከብ ስናሳያቸው እኔም አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት።

የእኔስ አቋም? መደበቅ ከሐሰት ምስክርነት ብዙ ስለማይርቅ እነግራችኋለሁ። ምድር እጅግ ያረጀች ናት ብዬ አምናለሁ፤ ዘፍጥረት 1 ማን እንደ ፈጠረና ለምን እንደ ፈጠረ እንጂ መቼ እንደ ፈጠረ ሊነግረን አልተጻፈም እላለሁ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ በዚህ አይስማሙም። ስድስት ቀን ማለት ስድስት ቀን ነው ይላሉ። ባለፈው ወር ቢሮዬ ገብተው ሮሜ 5፥12ን ከፍተው አስቀመጡልኝ። «ፓስተር፣ ሞት በኃጢአት ከገባ፣ ከአዳም በፊት በዓለት ውስጥ የተቀበሩት እንስሳት በምን ሞቱ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምመልሰው ጳውሎስ በዚያ ክፍል ወደ ሰዎች ሁሉ ስለ ደረሰው ሞት እንደሚናገር፣ መዝሙር 104 ደግሞ አንበሳ ከእግዚአብሔር አደኑን ሲለምን እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ምስጋና እንደሚቆጥረው ነው። እርሳቸው አልረኩም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሌሊት ሌሊት ይህ ጥያቄ ይመለስብኛል፤ ከእኔ አቋም ይልቅ የእርሳቸው አቋም ይህን ክፍል በቀላሉ ያነበዋል። የእርሳቸው አቋም ደግሞ ድንጋዩን ማንበብ ይከብደዋል። ጸልየን ተለያየን። በሚቀጥለው እሑድ የጌታን እራት ጽዋ ያቀበሉኝ እርሳቸው ናቸው።

ድንቅነሽ የአዳም ምን ናት የምትሉኝ አላችሁ። እርሱ ስለ ሰው አመጣጥ ነው፤ ከምድር ዕድሜ የተለየ ጥያቄ ነው፤ ሌላ እሑድ ይፈልጋል። ዛሬ ከነካካሁት ምሳ አትበሉም።

ግን ኮሌጅ ላላችሁ አንድ ነገር። ፕሮፌሰራችሁ «4.5 ቢሊዮን ዓመት» ሲል ከመሣሪያው እያነበበ ነው፤ ስሙት፣ ተማሩት፣ ፈተናው ላይም ያለ ኀፍረት ጻፉት። «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» ሲል ግን መሣሪያውን አስቀምጦ ነው የሚናገረው። ዩራኒየምን የሚለካ መሣሪያ እግዚአብሔርን አይለካም። እዚያ ላይ እርሱም እንደ እኔ እምነቱን የሚናገር ሰው ነው፤ በትሕትና ጠይቁት። ረዥም ጊዜ ለእግዚአብሔር ስድብ አይደለም። የስሜን ተራሮችን የሠራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው ይባላል። ሙሴ በመዝሙር 90 ተራሮች ሳይወለዱ በፊት የነበረውን አምላክ ሲጠራ፣ የሚያውቀውን እጅግ ያረጀ ነገር ፈልጎ ነው ከእርሱ ጋር ያስተያየው። ተራራው ባረጀ ቁጥር የሙሴ ጸሎት ይበልጥ ይገባኛል እንጂ አይጠፋብኝም።

እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተን ልለምን። ልጃችሁ «እማዬ፣ ምድር ቢሊዮን ዓመት ሆናት» ብሎ ሲመጣ ዘይት ፍለጋ አትሩጡ። ካደ ማለት አይደለም። ቀጥላችሁም «ይህን ካመንህ ክርስቲያን አይደለህም» አትበሉት። እንዲህ ስትሉት በአንድ እጁ ኢየሱስን፣ በሌላው ድንጋዩን አስይዛችሁ አንዱን ጣል ማለታችሁ ነው። ድንጋዩን ክፍል ውስጥ በእጁ ዳስሶታል። የትኛውን እንደሚጥል ታውቃላችሁ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ከሁሉ በፊት አሳልፌ የሰጠኋችሁ ብሎ ሲዘረዝር የክርስቶስን ሞት፣ መቀበርና መነሣት ነው የጠራው፤ የዓመት ቁጥር በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ወንጌል በር ላይ ያላቆመውን ጥበቃ እኛ አናቁም።

ያላወቃችሁትንም «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉ። ይህች ቃል በአማርኛችን ለምን እንደምትከብድ አይገባኝም፤ ወላጅ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል፤ ፓስተር ሲሆንማ ተዉት። እኔ ያን ቀን ምሳውን አቆይቼ ይህን ብቻ ብለው ኖሮ...

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወጣቶች ጋር ታች አዳራሽ ውስጥ እንቀመጣለን። ማንኛውም ጥያቄ ይጠየቃል፤ እኔም ሽማግሌውም እንገኛለን፤ ፊት ለፊታችሁ ሳንስማማ ታዩናላችሁ። ወላጆች ቡና ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ ለልጃችሁ መልስ መስጠት ግን አይፈቀድም። የዚያን ቀን ጠይቁ እንጂ አትመልሱ።

ያ ልጅ አልተመለሰም። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «አመሰግናለሁ ፓስተር» አለኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላለም። በየወሩ እደውልለታለሁ፤ አንዳንዴ ያነሣል። ባለፈው ሳምንት ይህን ስብከት እያዘጋጀሁ ስለ ዚርኮን የጻፍሁትን ልኬለት ነበር፤ አንድ ቦታ አርሞ መለሰልኝ። ብድግ እንበልና ስለ እርሱ፣ እንደ እርሱም ዝም ብለው ስለ ሄዱት ልጆቻችን እንጸልይ።